ይጠብቃል

ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ፍሬን አታስፈጅም፤
ብሎን ማላላት ግን ማንም አይቀድማትም።
የሰፈሩ ኮብል እያርገፈገፈ
ስንቱ ዳዶ ወልቆ ከመንገድ ረገፈ።

ጋሽ ላንቃሞ ነበር ሙያ ያስተማረኝ፣
አሞራ ገደል በር ዋርካው ሥር ያስቀመጠኝ።
«እጅህ ይነግርሃል» ነበር መጽሐፉ፤
ሲያጠብቅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገርበብ ብሎ አፉ።
ለድሮው ብስክሌት፣ ለወፍራሙ ብረት፣
ሠራለት ያ ቃሉ፤ ሠራልኝ ብዙ ዓመት።

ዳንጊሴ መጣች ማክሰኞ በማለዳ፣
የካርቦን መሪ ይዛ፣ ገና ያልተጎዳ።
«ለእሁድ ውድድር ነው፣ ክለቡ ያዋሰኝ፤
ትንሽ ይንሸራተታል፣ እስቲ አጥብቅልኝ።»
ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን አዳመጥኩት፣
እጄ «ገና» አለኝ፣ ሩብ ዙር ጨመርኩት።
«ገና» አለኝ ደግሞ።
                    ጠሽ።
ሸንኮራ ቢሰብሩ የሚሰማው ያህል።
ዳንጊሴ አልጮኸች፤ ጣቷን ሰደደችው በስንጥቁ መሀል።
ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበረ፤
እጄ ዋሽቶኝ ቆሞ አፌ ተሳሰረ።

የዚያን ቀን ከሰዓት አረብ ሰፈር ሄድኩኝ፣
ሙዘይን ሱቅ ገብቼ እንዲህ ብዬ አልኩኝ፦
«ልክ የሚያውቅ አምጣልኝ፣ የሚናገር መፍቻ።»
ሳቀ፦ «ለብስክሌት? ለሁለት ጎማ ብቻ?»

አንደኛው ክንድ ያህላል፣ የሲኖትራክ ጓደኛ፣
ቁጥሩ ከአርባ የሚነሳ ደንቆሮ ጉልበተኛ።
አምስት ኒውተን ነው የኔ ጉዳይ ቢሉት፣
አምስት ላይ እንቅልፍ ነው፤ አይቀሰቅሱት።

ሁለተኛው ስክሪን አለው፤ ቁጥር ይጽፋል፣
ቀይ አረንጓዴ ያበራል፣ እንደ ሕፃን ይጮሃል።
«ባትሪው ሲያልቅስ?» አልኩት።
                    «ከአዲስ አበባ
ሲመጣ ነዋ!» አለኝ።
                    ከካርቶኑ ገባ።

ሦስተኛዋ ቀጭን፣ ከስንዝር ጥቂት የምትበልጥ፣
እጀታዋ ሲዞር ቁጥር የሚመረጥ፤
ልኩ ላይ ስትደርስ «ቀጭ» ብላ በቃኝ የምትል።
በዕድሜዬ አላየሁም ብረት በቃኝ ሲል፤
ይሉኝታ ያለው ብረት።

ዋጋውን ነገረኝ፤ የሁለት ወር ኪራይ።
ሦስቴ ወጣሁና ሦስቴ ተመለስኩ በዚያች ፀሐይ።
ሲጠቀልልልኝ በአሮጌ ጋዜጣ፣
አንድ ምክር ጨመረ፣ ከዋጋው የማይወጣ፦
«ማታ ስትዘጋ ወደ ትንሹ ቁጥር መልሳት፣
ውስጧ ሞላ አለ፣ ውጥረት አታሳድራት።
ተወጥራ ያደረች ጠዋት ትዋሻለች።»
በታክሲ ስመለስ ጭኔ ላይ ነበረች፤
እጄን ግን አየሁት፣
ስንት ዓመት ሙሉ ተወጥሮ እንዳሳደርኩት።

ጋሽ ላንቃሞ ሰማ። ከዘራውን ይዞ መጣ።
ተቀበለኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ያ የድሮ አፉ ገርበብ አለ፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኑን ሲይዝ ግን ተረጋጋ፣ ዝግ አለ፤
ቆመ። አንድ ፀጉር ያህል ቢጨምር «ቀጭ» አለች።
ደገመ በሌላ ብሎን። በሦስተኛው። ያው ናት፣ አልሳተች።
ምንም አልተናገረም። መፍቻዋን በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ።
ለካ የሱ እጅ እውነት ነበር፤
ያወረሰኝ ቃሉን ነው እንጂ እጁን አልሰጠኝ።

ሥራ በቀዘቀዘበት ቀን የማሰላስለው የስሟን ነገር ነው፦
ማጥበቂያ ሆና ሳለች «መፍቻ» የምንላት ለምንድን ነው?
ደግሞስ «ይጠብቃል»፤
ላላ አርገው ሲያነቡት ብሎን ሲከር ነው፣
አጥብቀው ሲያነቡት ሰው ቆሞ ሲቀር ነው።

የመሪውን ዕዳ በየወሩ ከፈልኩ።
አዲሱ ሲመጣ ዳንጊሴን አስጠራኋት፣ እዚያው ፊቷ ገጠምኩ።
አጠገቤ ቁጢጥ አለች፣ ትንፋሿን ይዛ፤
እኔም ይዣለሁ።
አምስት ላይ አደረግኩ። ቀስ። ቀስ።
                    ቀጭ።
ሳቀች፤ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ።
«ድገመው እስቲ!» አለችኝ።
«አይደገምም» አልኳት፣
እጀታዋን ወደ ትንሹ ቁጥር እየመለስኩ።